ክትባቱ በነፃ ነበር! ፓስፖርቷን ማዳም የያዘችባት ግን ምን ይዛ ትሂድ?

(ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶችና ቤተሰቦቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ባደረጉት ስብሰባ ላይ፣ ቤይሩት ሰባት ዓመት የኖረች አንዲት እህት ያደረገችው ንግግር ነው። ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀችን አልጻፍነውም። ከድምፅ ቅጂ ገልብጠን፣ የተደጋገመውን ብቻ ቀንሰን አቅርበነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



እኔ ንግግር የማደርግ ሰው አይደለሁም። ቤይሩት ሰባት ዓመት ስኖር አብዝቼ የተናገርኩት ቃል ቢኖር «ሐዲር ማዳም» የሚለው ነው። ስለዚህ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። አዘጋጆቹ «ስለ ኮሮና ጊዜ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ያለፈ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የዓለም አቀፍ አደጋ ጊዜው አበቃ ካለ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ማን ያስታውሰዋል? በኋላ ግን ሳስበው፣ የዛሬዎቹም ልጆች ያንኑ መንገድ ነው የሚሄዱት። እናም መጣሁ።

የሊባኖስ ክትባት የተጀመረው የካቲት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ፋይዘር የሚባለው ነው የመጣው፤ ገንዘቡን ያቀረበው የዓለም ባንክ ነበር። መንግሥታቸው ምን አለ? «ሊባኖሳዊ ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ አገራችን ውስጥ ያለ ሁሉ በነፃ ይከተባል» አለ። እውነቴን ነው፣ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። በኢንተርኔት ትመዘገባለህ፣ ስምህን፣ የተወለድክበትን ቀንና ስልክህን ትሞላለህ፣ ተራህ ሲደርስ መልእክት ይላክልሃል። ይኸው ነው። በወረቀት ሲታይ ምን ይወጣለታል?

ተራው ግን ገና በዐሥረኛው ቀን ተረገጠ። የካቲት 16 ቀን ዐሥራ ስድስት ያህል የፓርላማ አባላት ወረፋ ሳይጠብቁ እዚያው ምክር ቤታቸው ውስጥ ተከተቡ። የዓለም ባንክም ገንዘቡን አቆማለሁ ብሎ ዛተ፤ አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። እኛ ኩሽና ውስጥ ሆነን በቴሌቪዥን እየሰማን፣ የእነሱ ሰው በገዛ አገሩ ተራው ከተነጠቀ የእኛስ ተራ የት ይሆናል እንባባል ነበር።

አሁን የአንዲት ጓደኛዬን ነገር ልንገራችሁ። የጎንደር ልጅ ናት። የምትሠራበት ቤት ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸው የማዳም እናት ነበሩ። የምታጥባቸው እሷ፣ የምታጎርሳቸው እሷ፣ ሌሊት ሲያስላቸው ደረታቸውን የምታሸው እሷ። መጀመሪያ የሚከተቡት ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ስለነበሩ የአሮጊቷ ተራ ቶሎ ደረሰ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ሐኪም ቤት የወሰደቻቸውም ጓደኛዬ ናት። ካፖርታቸውን አወለቀች፣ እጅጌያቸውን ሰበሰበች፣ ተወጉ፤ መልሳ አለበሰቻቸውና እየገፋች ወደ ቤት መለሰቻቸው። እሷን «አንቺስ?» ያላት ሰው የለም። እንደው አንድ ነርስ እንኳ!

«ለምን አልተመዘገበችም?» ትሉ ይሆናል። ተመዝግባለች እኮ! ማዳም መዝግባታለች። ነገር ግን የተሞላው ስልክ የማዳም ስልክ ነው፤ የራሷ ሲም ካርድ እንዲኖራት አይፈቀድማ! ቀጠሮው የመጣ ዕለት ማዳም ተራራ ላይ ካለው ቤታቸው ለእረፍት ሄዳለች። መልእክቱን ያየችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። «ማሌሽ፣ ሌላ ጊዜ» አለቻት። ሌላው ጊዜ ሳይመጣ ልጅቱ ታመመች። ከኩሽና ጎን ባለችው፣ እግር እንኳ በማትዘረጋበት ክፍል በር ተዘግቶባት ዐሥራ ሁለት ቀን ከረመች፤ ምግቧን ደጃፏ ላይ ያስቀምጡላት ነበር። እግዜር ይመስገን ተርፋለች። በሽታውን ወደ ቤት ያመጣችው ደግሞ እሷ ናት ተባለ። ከቤት የማትወጣዋ እሷ!

ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ለፍርድ እንዳልቸኩል ነው። ክፋቱ ከፋላ የሚሉት አሠራር ላይ ነው። ኢቃማሽ በአሰሪሽ ስም ነው፤ ፓስፖርትሽ ከአሰሪሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የእረፍት ቀንሽም በእሷ ፈቃድ ነው። ታዲያ ክትባቱን መንግሥት ላንቺ ቢፈቅድ፣ እጅሽ እስኪደርስ በማዳም በኩል ካላለፈ አይመጣም። በመጋቢት 2013 ማብቂያ ላይ ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣውን ያነበበ ያውቀዋል። ከተከተበው መቶ ሰው ውስጥ የውጭ አገር ሰው ሦስት አይሞላም ነበር፤ ከነዋሪው ግን ከመቶ ሠላሳው የውጭ ሰው ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ከአሰሪዬ ቤት ወጥቻለሁ። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዜ ቆመ፤ ስምንት ወር በነፃ ሠርቼ ጠፋሁ። ዶራ አካባቢ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ኢቃማ ያላት ከስድስታችን አንዷ ብቻ ናት። ወሬው ብዛቱ! «የሚከተቡበት ቦታ ፖሊስ ቆሞ ወረቀት የሌላትን ይለቅማል» ይባላል። «መሀን ያደርጋል» ይባላል። አንዷ ደግሞ ከአገር ቤት በስልክ «የአውሬው ምልክት ነው» ተብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። አትፍረዱባት፤ በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳን ሰው አልነበረንም። ወሬ ብቻ ነው በአማርኛ የሚደርሰን።

ግንቦት 21 እና 22 ቀን አስትራዜኔካ የሚባለውን ያለ ቀጠሮ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ እንሰጣለን ተባለ። ወሰንኩና ሄድኩ። የያዝኩት ምንድን ነው? ስልኬ ውስጥ ያለች የፓስፖርቴ የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ። መጀመሪያ ቤይሩት የገባሁ ዕለት ማዳም ከመውሰዷ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያነሳኋት ናት። ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ወታደር ባለፈ ቁጥር ጉልበቴ ይብረከረካል። ተራዬ ሲደርስ አንድ ወጣት «ፓስፖርት?» አለኝ፤ ስልኬን ሰጠሁት። የልደት ዘመኔን አየና «ሠላሳ አንድ» ብሎ ጻፈ።

ወገኖቼ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ደላላው «ትንሽ ነሽ፣ አይቀበሉሽም» ብሎ አምስት ዓመት ጨምሮ ሃያ አራት አሰኝቶኛል። ደላላ አንድ ቀን ጠቀመኝ ብል ይኸው ያ ቀን ነው። (ሳቅ) ትስቃላችሁ፤ እኔም ስቄአለሁ። አብራኝ የሄደችው ልጅ ግን በፓስፖርቷም በእውነቱም ሃያ ሦስት ነበረች፤ እሷን መለሷት።

ይህ በየአገሩ እንዲህ ነበር ማለት አይደለም። ሳውዲ ክትባቱ ለዜጋም ለነዋሪም በነፃ ነበር፤ ነገር ግን ምዝገባው በኢቃማ ቁጥር ነው፤ ቁጥር የሌላት የጠፋች ልጅ ከየት ታምጣ? ቴል አቪቭ ደግሞ የከተማው አስተዳደርና ኢኪሎቭ ሆስፒታል በየካቲት 2013 ለውጭ ሰዎችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች ሕጋዊ ወረቀት አለህ የለህም ሳይሉ ከፍተውላቸዋል። ቢፈልጉ ይቻላል ማለት ነው።

የእኛዎቹስ? እዚህ አገር መጋቢት 4 ቀን ክትባት ሲጀመር በኮቫክስ በኩል የገባው 2.2 ሚሊዮን ያህል አስትራዜኔካ ነበር፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። ስለዚህ «ለምን መድኃኒት አልላኩልንም» አልልም። ወረቀት ግን ምን ያስወጣል? ስሟና የልደት ቀኗ፣ ፎቶዋም ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት አንድ ገጽ! ኢቃማዋ ላለፈባት፣ ፓስፖርቷ ለተያዘባት ሁሉ ያለ ክፍያ ይሰጥ። ለሕክምና የመጣች ሴት እንዳትያዝም ከየአገሩ መንግሥት ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አሰሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ በመኪና እያመጡ ሲጥሏቸው ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። በ2017 መስከረም ጦርነቱ ሲመጣም አሰሪዎች ሸሽተው ሠራተኛዋን ቤት ዘግተውባት የሄዱ ነበሩ። ቀጣዩ ሲመጣ ምን ተዘጋጅቷል? የሚመለከተው ባለሥልጣን እዚህ ካለ ይመልስልን። ተጠርተው እንደነበር አውቃለሁ፤ ወንበሩም ይኸው ባዶ ነው።

ትላንት አንዲት እናት ልጃቸው ልትሄድ መሆኑን ነግረውኝ «ምን ትያዝ?» አሉኝ። አትሂድ ብል እንደማትቀር አውቃለሁና እንዲህ አልኳቸው፦ ደላላው ዕድሜዋን እንዲነካ አትፍቀዱ። የፓስፖርቷን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንድ በስልኳ፣ አንድ በእናንተ እጅ አኑሩ። የራሷ ሲም ካርድ ይኑራት፤ ካስፈለገም በጫማዋ ውስጥ ትደብቀው። የክትባት ካርድ ካላት ደግሞ ዋናውን ለማንም አትስጥ። የእኔ ካርድ ይኸውና፤ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስተዋል፣ ዕድሜዬም የደላላው ነው።