በማን ስም? ውጭ ኖሮ አገር ቤት ኩባንያ ስለማቋቋም
(በማኅበራችን የምሩቃን መገናኛ ቀን፣ ላንቻ በሚገኝ አዳራሽ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ከውጭ መጥቶ አገር ቤት ኩባንያ ማስመዝገብ» የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ ተፈቅዶልኛል፤ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ቃል ገብቻለሁ።

የተሰበሰብንበት ሰፈር ለርዕሱ የሚስማማ ነው። ላንቻ የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያኑ መኪና አምራች ከላንቺያ ነው። ዛሬ ቀላል ባቡሩ እዚህ ሲቆም «ላንቻ ወራጅ!» የሚለው ሰው ስለ ኩባንያው አያስብም፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ኩባንያ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚጻፈው ስም ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጸናውም የተጻፈው ስም ነው። የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ በማን ስም ነው የምትመዘገቡት? ደግሞስ በየትኛው ማንነታችሁ?

በሕግ ሥራዬ የሚያጋጥመኝ ነገር ይህ ነው። ልጆቻችን ብዬ የምጠራቸው ታናናሾቻችንም፣ የእኛው ባቾችም፣ ከውጭ ይደውሉና «ስንት ቀን ይፈጃል? ስንት ብር ያስወጣል?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «እኔ በሕጉ ዓይን ማን ነኝ?» የሚለው ነው።

ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሦስት ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል።

አንደኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን እንደያዘ ውጭ የሚኖር ነው። ይህ ሰው ዜጋ ነው፤ የአገር ውስጥ ባለሀብት ነው። ሆኖም በቋሚነት ውጭ የሚኖር ከሆነ፣ ከፈለገ እንደ ውጭ ባለሀብት እንዲቆጠር ሕጉ ምርጫ ይሰጠዋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሁለተኛው የሌላ አገር ዜግነት የወሰደው ነው። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይቀበልም፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት ያጣል። ለዚህ ሰው በ1994 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 270 ወጣለት። ሁላችንም «ቢጫ ካርድ» የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የተመሠረተው በዚህ አዋጅ ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ የመኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ የሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራት ይችላል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብትም ሊቆጠር ይችላል። መምረጥና መመረጥ ግን የለበትም።

ሦስተኛው ሰው ሳይሆን ኩባንያ ነው። አንዳንዶቻችሁ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ውስጥ ያቋቋማችሁት ድርጅት አላችሁ። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ድርጅቱም የኔ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ግን አክሲዮኑን የሚገዛው ያ ድርጅት ከሆነ፣ ውጭ አገር የተቋቋመ ስለሆነ፣ በኢንቨስትመንት ሕጉ የውጭ ባለሀብት ነው። የባለቤቱ ትውልድ አይለውጠውም።

ታዲያ ልዩነቱ ምን ያመጣል? ብዙ ያመጣል።

አሁን የሚሠራበት የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ነው። የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል መመደብ አለበት። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ከሆነ 150,000 ዶላር ነው። ለምሕንድስና፣ ለሥነ ሕንፃና ለመሳሰሉት የቴክኒክ ማማከር ሥራዎች፣ እንዲሁም ለኅትመት፣ ዝቅ ይላል፦ ለብቻ 100,000፣ በሽርክና 50,000 ዶላር። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የሚቆጠር ሰው ግን ይህ ወለል አይመለከተውም።

የሥራ መስኩም ይለያያል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 474 ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተዉ ሥራዎችን ዘርዝሯል፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሆን ዳቦና ኬክ፣ የፀጉርና የውበት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ የጉምሩክ አስተላላፊነት፣ ሌሎችም አሉ። ማስታወቂያና የሒሳብ ምርመራን የመሰሉ ደግሞ የውጭ ባለሀብቱ ከአገር ውስጥ አጋር ጋር ሆኖ ከ49 በመቶ ሳያልፍ የሚገባባቸው ናቸው። ዝርዝሩ ይንቀሳቀሳል፤ በ2016 ዓ.ም የኢንቨስትመንት ቦርዱ ባወጣው መመሪያ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የቆዩት አስመጪነት፣ ላኪነት፣ ጅምላና ችርቻሮ በተወሰኑ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብት ተከፍተዋል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት ጓደኛችሁ የነገራችሁን አትያዙ።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ቢጫ ካርዴን ይዤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ብገባ አይሻለኝም?» ይላል። ብዙ ጊዜ አዎ። ግን ከመፈረም በፊት ሌላውን ገጽ አንብቡ።

የውጭ ባለሀብት ትርፉን፣ የአክሲዮን ድርሻውን፣ ከውጭ የተበደረውን ገንዘብ ክፍያ፣ ድርጅቱን ሲሸጥ ወይም ሲዘጋ የሚያገኘውን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ከአገር የማውጣት መብት በአዋጁ ተሰጥቶታል። የአገር ውስጥ ባለሀብት ተብሎ የገባ ሰው ይህ መብት የለውም። ገንዘቡ ከዋሽንግተን ይምጣ ከስቶክሆልም፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ከገባችሁ ትርፉ የብር ትርፍ ነው።

ይህ መጥፎ ነው አላልኩም። እዚሁ ተመልሶ ለመኖር፣ ልጆቹን እዚሁ ለማሳደግ፣ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ምን ቸገረው? ችግሩ ያለው ሚኒሶታ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በየዓመቱ ትርፍ እንዲላክላት የምትጠብቅ እህታችን፣ ዝቅተኛው ካፒታል ስላስፈራት ብቻ «የአገር ውስጥ» በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ ነው። ምልክቱ አንድ ሰከንድ ነው የሚፈጀው፤ ውጤቱ ግን ድርጅቱ እስካለ ድረስ ይከተላታል።

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን ልለይ። አንዱ የማውጣት መብት ነው፤ ሌላው የምንዛሪ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ57 ብር ያስገባችሁት 100,000 ዶላር 5.7 ሚሊዮን ብር ሆኖ ባንክ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 47,500 ዶላር ብቻ ነው። ይህ ለውጭ ባለሀብቱም ለአገር ውስጥ ባለሀብቱም እኩል ይደርሳል፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚወጣው በሚወጣበት ቀን ምንዛሪ ነው። የማውጣት መብት በሩን ይከፍትላችኋል እንጂ ዋጋውን አይጠብቅላችሁም። ዋጋውን የሚጠብቀው ብሩን ቶሎ ወደ ማሽን፣ ወደ ዕቃ፣ ወደ ሥራ መለወጥ ነው።

ሕንድን ለንጽጽር ላንሳ። እነሱም ጥምር ዜግነት አይፈቅዱም፤ ለትውልደ ሕንዳውያን ግን የራሳቸው ካርድ አላቸው። ካርዱን የያዘ ሰው ገንዘብ ሲያስገባ «ተመላሽ በሚሆን» ወይም «ተመላሽ በማይሆን» መንገድ ብሎ ይመርጣል፤ ተመላሽ አይሆንም ካለ እንደ አገር ውስጥ ኢንቨስትመንት ይቆጠርለታል። ምርጫው እኛ ጋር ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እነሱ ጋር ጥያቄው በግልጽ ስሙ ተጠርቶ መቅረቡ ነው። እኛ ጋር ጥያቄውን ራሳችሁ ለራሳችሁ ማቅረብ አለባችሁ።

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ፤ በዘመድ ስም ስለመመዝገብ።

«ለምን እንግልት? በወንድሜ ስም ይሁን።» ይህን ስንት ጊዜ ሰምተናል? ምክንያቱ ይገባኛል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው። ደግሞም የድሮው የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ስለነበር፣ ለሁለተኛው ቦታ እናት፣ ወንድም፣ የአጎት ልጅ ይፈለግ ነበር። ይህ አስገዳጅ ምክንያት ግን ቀርቷል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ለግል ማኅበር በንግድ ሕጉ የተቀመጠው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። ብቻችሁን መቆም ትችላላችሁ።

በወንድም ስም የተመዘገበ ኩባንያ የወንድም ነው። መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ባንኩ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው እሱን ነው። ቢጋባ ትዳሩ ይገባበታል፤ ቢፋታ ክፍፍሉ ይገባበታል፤ ቢሞት ወራሾቹ ይገቡበታል። ከእናንተ ጋር ቡና እየጠጣ የተስማማው እሱ እንጂ ልጆቹ አይደሉም። ወንድማችሁ ታማኝ ቢሆንም ችግሩ አይፈታም፤ ታማኝ ሰውም ይታመማል፣ ታማኝ ሰውም ይሞታል። ሌላም አለ፦ የተዘጋባችሁን መስክ በሌላ ሰው ስም ለመግባት ብላችሁ ያደረጋችሁት ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «በእርግጥ የኔ ነው» ስትሉ ሕግ ለመሸሽ የተደረገ ስምምነት መሆኑን በራሳችሁ አፍ ትናገራላችሁ።

የባንክ አክሲዮኖቹን ታሪክ የምታስታውሱ አላችሁ። በ2000 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ለውጭ ዜጋ ባንክ ዝግ ነው ይል ነበር። ሆኖም የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ብዙ ወገኖቻችን አክሲዮን ገዝተው ቆዩ። በ2008 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ እነዚህ ባለአክሲዮኖች ከባለቤትነት እንዲወጡ አዘዘ። ሰዎቹ ደነገጡ፤ «ለአገሬ ብዬ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መዝገቡ ግን የሚያየው ዜግነትን ነበር። ከዚያ በ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1159 ወጣና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በውጭ ምንዛሪ ከፍለው የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ተፈቀደ፤ በ2017 ዓ.ም አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮችም በሩን ከፈተ። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በተከፈተበት ሰዓት በትክክለኛ ማንነቱ የገባ ሰው ግን የሚከራከርበት ወረቀት አለው።

ወረቀት ስል የትኛውን ነው? አካሄዱን ባጭሩ ላስቀምጥ።

መጀመሪያ መታወቂያችሁን አስተካክሉ፤ ቢጫ ካርድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በኤምባሲ ወይም እዚህ በኢሚግሬሽን ይወጣል። ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ውክልና ላኩ፤ ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ማለፍ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ መረጋገጥ አለበት። ውክልናውን ጠባብ አድርጉት። ለማስመዝገብ የተሰጠ ውክልና ለመሸጥም የሚያበቃ መሆን የለበትም።

ቀጥሎ የመመሥረቻ ጽሑፉ ነው። ከሌላ ሰው የተቀዳ ጽሑፍ ላይ አትፈርሙ፤ ሥራ አስኪያጁ ምን ያለእናንተ ማድረግ እንደማይችል የሚጻፈው እዚያ ነው። ባለ አንድ አባል ማኅበር ከሆነ፣ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ቢመጣ ሥራውን የሚረከብ ተጠሪ ትሰይማላችሁ። ወንድማችሁን የምታስገቡት እዚህ ነው፤ በሚገባው ቦታ፣ በሚገባው ስም።

ከዚያ ገንዘቡ። ካፒታሉ ከራሳችሁ የውጭ ሒሳብ፣ በባንክ፣ በስማችሁ ይግባ፤ ባንኩ የሚሰጣችሁን ማረጋገጫ እንደ ልደት የምስክር ወረቀት አስቀምጡ። ማሽን ካስገባችሁም የጉምሩክ ሰነዱ በካፒታልነት ይያዝ። የውጭ ባለሀብት ከሆናችሁ ደግሞ ያስገባችሁትን ካፒታል በብሔራዊ ባንክ ማስመዝገብን ለነገ አትበሉ። ያልተመዘገበ ገንዘብ ሲወጣ «መቼ ገባ?» ይባላል። በጥቁር ገበያ የመጣ ገንዘብ በዚያ ቀን ጥቂት ብር ቢያተርፍም፣ በመዝገብ ላይ ጨርሶ አልመጣም።

የቀረው ቀላሉ ነው። የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለውጭ ባለሀብት በኢንቨስትመንት ኮሚሽን የአንድ መስኮት አገልግሎት ይሰጣል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በዚህ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ሥራ ከዚህ በፊት ያለው ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግ ሰው አለ፣ የሒሳብ ሰው አለ፣ ባንክ የሚሠራ አለ፣ ጉምሩክ የሚያውቅ አለ። ከውጭ የሚደውል አባል መጀመሪያ የሚያገኘው ደላላ ወይም ዘመድ ከሚሆን፣ ከእኛ አንዱ ቢሆን ምን ይመስላችኋል? በጎ ፈቃደኞች ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። የሚደውለውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ በሕግ ፊት ማን ነህ? ትርፉን የት ልትበላው ነው? መዝገቡ ላይ የማን ስም ይጻፍ? ሦስቱን አጥርቶ የመለሰ ሰው ሌላው የእግር ጉዳይ ነው።