የቲሙ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ማንበብስ ችሏል?

ለማኅበሩ አባላትና ለየቲም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር



የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለየቲሞች እጃችሁን የምትዘረጉ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ እናቶች፤ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ጥያቄ አንድ ነው። ለአንድ የቲም የምናወጣው ብር ልጁን ማንበብ አስችሎታልን? ደብተር፣ የደንብ ልብስና ጫማ መስጠት መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የተሰጠን አማና ዕቃ አድርሰን የምንጨርሰው ሳይሆን፣ ልጁ ዕውቀት ይዞ ሲወጣ ዐይተን የምናስረክበው ነው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ይህ ጥያቄ እጅግ ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑት ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው በደባርቅ ከተማ ሰፈሩ፤ በገብስ እርሻና በከብት እርባታ የኖረ ቤተሰብ ሁሉ ነገር በገንዘብ በሚገዛበት ከተማ ልጅ ማስተማር ግድ ሆነበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የበርካታ ትምህርት ቤቶች በር ተዘጋ። ከዚህ ሁሉ መቋረጥ በኋላ፣ በዕድሜው አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል መድረስ የነበረበት ልጅ ገና ከፊደል ገበታ ጋር ሲታገል ብናገኘው አያስደንቅም።

ችግሩ በጦርነት ብቻ የመጣ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ደብተርም ይዘዋል፤ ንባቡ ግን አልገባቸውም።

እንግዲህ በጥቂት ገንዘብ ምን ማድረግ ይቻላል? ሌሎች የሞከሩትን ማየት ይጠቅማል። በምዕራብ ኬንያ ለትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት በነፃ ታድለው ውጤቱ ሲመዘን፣ የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ተማሪዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለነበር ብዙዎቹ ልጆች ሊያነቧቸው አልቻሉም። በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በ75 ትምህርት ቤቶች የወስፋትና የሌሎች የሆድ ትላትል መድኃኒት ተሰጠ። ዋጋው እጅግ አነስተኛ ሲሆን ከትምህርት ገበታ መቅረትን በሩብ ያህል ቀነሰ፤ የፈተና ውጤት ግን በዚያው ጊዜ አልጨመረም። ከዚህ የምንማረው፣ ልጁን ክፍል ማድረስ አንድ ነገር፣ ማስተማር ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

መድኃኒቱም ቢሆን ለየቦታው የሚመዘን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከልጆች ቢያንስ ከመቶ 20ው ትል ባለባቸው አካባቢዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ነው። ደጋው ደባርቅና ከሊማሊሞ ቁልቁል ያለው ሞቃቱ ዛሪማ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ሳንጠይቅ መድኃኒት አንገዛም።

በሕንድ ደግሞ በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የሰፈር ወጣት ሴቶች በወር ከ10 እስከ 15 ዶላር እየተከፈላቸው፣ ወደ ኋላ የቀሩ 20 ያህል ልጆችን በቀን ለሁለት ሰዓት እየለዩ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ይበልጥ የተሻሻሉት ደካማ የነበሩት ልጆች ናቸው። የዓለም ባንክና አጋሮቹ ያሰባሰቧቸው ምሁራንም እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2023 ባወጡት መመሪያ፣ ልጅን በዕውቀቱ ደረጃ ማስተማርን ከሚመረጡት ወጪዎች፣ ቁሳቁስ ብቻ ማደልን ግን ከማይመረጡት መደቡ።

ይህ ዘዴ ለእኛ ባዕድ ነውን? በቁርኣን ቤት አንድ ልጅ ከአንዱ ትምህርት ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ዕድሜው ስለደረሰ ሳይሆን ያለፈውን ለኡስታዙ አስደምጦ ስላወቀ ነው። የአሥር ዓመቱ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጋር ተቀምጦ አሊፍ ቢል የሚያፍርበት ነገር የለም። ለአማርኛ ንባብና ለሒሳብም የምንሻው ይህንኑ የአባቶቻችንን ሥርዓት ነው።

ከትምህርት ለራቁትም ልጆች በአገራችን የተሞከረ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ኢትዮጵያ የተጀመረው የተፋጠነ ትምህርት፣ የሦስቱን የመጀመሪያ ክፍሎች ትምህርት በአሥር ወር አስተምሮ ልጆቹን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ይመልሳል። ጎን ለጎንም እናቶች በቁጠባ ቡድን ይደራጃሉ። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል፤ የቲም ማለት አባቱ የሞተበት ልጅ ነውና በአብዛኛው እናቱ አለች። እናት የዕለት ጉርስ ስታጣ ልጁን ለእረኝነት ወይም ለቀን ሥራ ትልከዋለች፤ እርሷን ማቋቋም ልጁን ከክፍል ማቆየት ነው።

ስለዚህ ለአባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የምንደግፋቸው ልጆች ሁሉ በአንዲት ወረቀት ይመዘኑ፤ ፊደል፣ ቃል፣ ዐረፍተ ነገር፣ አጭር ታሪክ። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ተቦድነው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በመድረሳው ክፍል ይማሩ። ለማስተማሩም ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የአካባቢው እህቶች በመጠነኛ ክፍያ ይቀጠሩ። ሦስተኛ፣ ምዘናው በየሦስት ወሩ ይደገም፤ ውጤቱም ለእናትየውና ለለጋሹ ይነገር። አራተኛ፣ ደብተሩና ልብሱ ሳይቋረጥ፣ ከሚጨመረው መዋጮ ላይ ለአስተማሪዎቹ ክፍያና ለእናቶች ቁጠባ ቅድሚያ ይሰጥ።

እናንተ እናቶችም ራሳችሁ ባታነቡ እንኳ በየምሽቱ ልጃችሁን «ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ» በሉት። ቢደናቀፍ ሳትቆጡት ለአስተማሪው ንገሩ።

የተጠቀመ ዕውቀት ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ምንዳው እንደማይቋረጥ ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ ያልቃል፤ ደብተርም ይሞላል። ማንበብ የቻለ የቲም ግን ነገ ለእናቱና ለታናናሾቹ መመኪያ ይሆናል። አላህ ኒያችንን ያጥራልን፤ ለአካባቢያችን ሰላም፣ ለልጆቻችንም ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።