ለድመታችን የትኛውን ክትባት እናስቀድም?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በእንደዚህ ያለ ታላቅ በዓል ስለ ድመት ልናገር መነሣቴ ሊያስቃችሁ ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ የድመት ብቻ ስላልሆነ እስክጨርስ ድረስ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት ሞጣ የምትኖረው አክስቴ ሁለት ወር የሞላት የድመት ግልገል ሰጠችኝ። እኔም በካርቶን አድርጌ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና አመጣኋት። ጤፋችንን አይጥ እየፈጀው ስለ ነበር ቤተ ሰቡ ሁሉ በደስታ ተቀበላት። ታናሽ እኅቴማ ያለ እርሷ አልተኛም አለች። እኔ ግን በትምህርት የሰማሁትን አስታውሼ «ትከተብ» አልሁ። እናቴም «ደግሞ ለድመት መርፌ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ እንስሳት ሐኪም ሄጄ ብጠይቅ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ለድመት የሚሰጠው ክትባት ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ፓንሉኮፒኒያ የተባለውን፥ አንጀትንና ነጭ የደም ሕዋሳትን አጥቅቶ ግልገሎችን ፈጥኖ የሚገድለውን በሽታ ይከላከላል። ከዚሁ ጋራ ተቀላቅለው የሚሰጡት ሁለቱ የድመት ጉንፋን ከሚያመጡት ከሄርፐስና ከካሊሲ ቫይረሶች ይጠብቃሉ። ውጭ ለምትዞር ድመት ደግሞ የሉኪሚያ ክትባት አለ። እነዚህ በሽታዎች ወደ ሰው ስለማይተላለፉ ክትባታቸው የሚጠብቀው ድመቷን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ድመቷንም ባለቤቷንም ይጠብቃል። ስለዚህ «አቅማችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ ይህን አስቀድሙ» አሉኝ።

የበሽታው ስም ያታልለናል። ውሻን ብቻ ሳይሆን ድመትንም፥ አህያንም፥ ላምንም ይይዛል። ከታመመ እንስሳ ምራቅ በንክሻ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ያዳነው በሽታው አንጎል ሳይደርስ በክትባት ስለ ቀደመው ነው።

ሐኪሙ ግን ግልገሏ ሦስት ወር ሳይሞላት እንዳትከተብ ነገሩኝ። ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላልና። እስከዚያው ከቤት እንዳትወጣ አዘዙን። ዳሩ ግን «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንደ ተባለው አንድ ሌሊት ሾልካ ወጣች። ንጋት ላይ አቧራ ለብሳ ስትመለስ የሳቀችብኝ እናቴ ቀድማ ተነሣች። «ውሻ ነክሷት ቢሆንስ?» እያለች መጀመሪያ የእኅቴን እጆች ጣት በጣት መረመረች። በግልገሏ ገላ ላይ ቁስል ስላልተገኘ አረፍን። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ግን ግልገሏን ታቅፋ ወደ ሐኪም የወሰደቻት እናቴ ራሷ ነበረች።

ወላጆቻችን በሬ ሲከተብ አይገረሙም። በ1880 ዓ.ም. ግድም የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ እንዳመጣ ከአባቶቻቸው ሰምተዋልና። ያ በሽታ በክትባት ኃይል ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ታዲያ በበረት ለሚያድረው የሚገባው ክትባት ከልጆቻችን ጋራ ለምትተኛው እንዴት አይገባም?

ስለዚህ ወገኖቼ፥ ድመትም ውሻም ያላችሁ አስከትቡ፤ በዓመቱም ማስደገም አትርሱ። እንስሳ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡለት። ከዚያም ሥር ማሽ ፍለጋ ቀን ሳታሳልፉ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።