አል-ቀዩም፦ ፍጥረቱን ያልተወ ጌታ
(በየካ ክፍለ ከተማ ለየቲም ረዳቶች የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።



አንዳንዶች ፈጣሪ ዓለምን ሠርቶ እንደ ሰዓት ሠሪ ትቷት ሄዷል ይላሉ። ሰዓት ሠሪው ቢሄድ ሰዓቱ የሚቆየው ብረቱን ያስገኘው እርሱ ስላልሆነ ነው። የፍጥረት ህልውና ግን ሁለመናው ከአላህ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን የቀበና ወንዝ ተመልከቱ። የትናንቱ ውኃ ዛሬ የለም፤ ወንዝ ሆኖ የሚዘልቀው ምንጩ ስለሚመግበው ነው። ምንጩ ቢነጥፍ የሚቀረው ደረቅ ድንጋይ ነው። ፍጥረትም እንዲሁ በየቅጽበቱ በአላህ ፈቃድ ይጸናል። በአየተል ኩርሲይ «አል-ቀዩም» መባሉም ሁሉን የሚያቆምና የሚያስተናብር መሆኑን ያመለክታል።

«ታዲያ ሕፃኑ አባቱን ለምን አጣ?» ለሚለን ጥበቡን ሁሉ እናውቃለን አንልም። ነገር ግን ነቢያችን ራሳቸው አባታቸው ከሞቱ በኋላ ተወለዱ፤ በ6 ዓመታቸውም እናታቸው አሚና ሞቱባቸው። የአላህ ጥበቃ የደረሳቸው በሰው እጅ ነበር፤ በአያታቸው አብዱል ሙጦሊብ፣ በአጎታቸው አቡ ጧሊብ፣ በሐበሻዊቷም ኡሙ አይመን (በረካ) እጅ።

ስለዚህ አቅም እያለን የቲሙን «አላህ ይስጥህ» ብለን ብናልፈው፣ በአንደበታችን ያመንነውን በሥራችን ክደናል። የወር መዋጮው፣ ደብተሩ፣ ብርድ ልብሱ የሪዝቅ መንገዶች ናቸው። ሰጪው አላህ ነው፤ እኛ ቦይ ነን። ቦዩ ቢደፈን ምንጩ አይደርቅም፤ ውኃው በሌላ በኩል ይሄዳል። አጅሩ የሚያመልጠን እኛን ነው።

አላህ ለየቲሞች የመልካም ነገር ሰበብ ያድርገን። አሚን።