ብቻዋን የመጣች እንግዳ የመጀመሪያ ቀን
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በጎባ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



የቁጠባና የብድሩ ሪፖርት ቀርቧል፤ እሱን አንደግምም። እኛ የጎባ አባላት ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንዲት እንግዳና ከተማችን ውስጥ ስላሳለፈችው የመጀመሪያ ቀን ነው። ታሪኩ እኛን የሚያስመሰግን አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሥራችንን የለወጠው እሱ ስለሆነ ልትሰሙት ይገባል።

ልጅቷ ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስታ፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ሊመሽ ሲል ጎባ ገባች። ከቁመቷ የማይተናነስ ሻንጣ በጀርባዋ አዝላለች። ብቻዋን ነበረች። ገና እግሯ መሬት ሳይረግጥ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ከበቧት። አንድ ደላላ ሻንጣዋን ተቀብሎ ወደ አንድ ማደሪያ ወሰዳት። የአልጋው ዋጋ እጥፍ ተነገራት። ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሌሊቱን ብርድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ያቀረበላት ግን አልነበረም።

ከመተኛቷ በፊት ሳነቴን አቋርጦ ወደ ሪራና ወደ ደሎ መና የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀች። «በ12 ሰዓት» አሏት። አልዋሿትም። እሷ ግን በሰዓቷ 12 ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ሻንጣዋን አዝላ መጣች። መኪናው ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ጠዋት ስትወጣ ያያት፣ ቁርስ ስትበላ ያናገራት ሰው ሁሉ ነበር፤ «የኛ 12 ሰዓት ንጋት ነው» ያላት አንድም አልነበረም።

እኛ ያገኘናት ያኔ ነው። ቡና የምናፈላበት ቦታ ከመኪናው ማቆሚያ ብዙ አይርቅም። ጠራናት፤ መጥታ ተቀመጠች። አቦሉን ጠጥታ ልትነሳ ስትል ቶናና በረካ እንዳለ በምልክት አስረድተን አስቀመጥናት። ጭኮ አቀረብንላት፤ ገብስና ቅቤ መሆኑን ስንነግራት ደስ ብሏት በላች። «ባልሽ የት ነው? ልጅ የለሽም? ብቻሽን አትፈሪም?» አልናት። እየሳቀች በጣቷ ቆጠረችልን፤ ያን ጥያቄ በዚያ ቀን ብቻ ስምንት ሰው ጠይቋታል። እኛም ሳቅን።

ልትሄድ ስትል ሂሳብ ጠየቀች። ከጎረቤት የምንቀበለውን አራት እጥፍ ነገርናት። ከፈለች፤ አመሰገነች፤ ሄደች። ማታ እውነተኛውን ዋጋ ከሌላ ሰው ሰማች መሰለን፣ በማግስቱ በደጃችን ስታልፍ ቀና ብላ አላየችንም። ወረድ ብላ ሌላ ቦታ ቡና ጠጣች።

ይህን ነገር ወደ ሳምንታዊ ስብሰባችን አመጣነው። አንዷ እህታችን፣ «እሷ በአውሮፕላን ባሕር አቋርጣ የመጣች ናት። እኛ ለልጅ ደብተር መግዣ እናጣለን። ጥቂት ብር ብንጨምርባት ምን ነውር አለው?» አለች። ይህን ንግግር አናቃልለውም። ችግራችን እውነት ነው፤ ያለው ሰው ትንሽ ቢከፍል የሚጎዳ አይመስልም።

መልስ የሰጠች ግን ሌላዋ እህታችን ናት። ልጅ ሳለች ለቤት ሠራተኝነት ብቻዋን ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። «መርካቶ አውቶቡስ ተራ የወረድኩ ዕለት አንዱ ጥቅሌን ሊሸከምልኝ ይጎትታል፣ ሌላው ሥራ አስገባሻለሁ ይላል። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ‹ልጄ፣ ዕቃሽን ለማንም አትስጪ፤ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ› አለችኝ። አክስቴ እስክትመጣ ድረስ አስቀመጠችኝ። ሳንቲም አልተቀበለችኝም። ስሟን አላውቅም፤ ፊቷን ግን እስካሁን አልረሳሁም» አለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባን። ብቻዋን ሻንጣ ይዛ በማታውቀው ከተማ የምትወርደው ፈረንጅ ብቻ አይደለችም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥታ ሮቤ የምትወርደው ተማሪም እሷ ናት። ወደ አረብ አገር የላክናት ልጃችንም እሷ ናት። ለእንዲህ ያለች ሴት የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፤ ዋጋ አታውቅም፣ ሰዓት አታውቅም፣ ማንን እንደምታምን አታውቅም። በዚያ ቀን እውነቱን የነገራት ሰው ዘመድ ይሆናታል፤ ያታለላት ሰው ደግሞ ከተማውን በሙሉ ያስጠላታል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄዱት ተሳላሚዎች ጫፉ እንደ መንታ የተከፈለ በትራቸውን ይዘው በአገራችን ሲያልፉ ኖረዋል። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው አባቶቻችን አልመለሱም። ሴት ብቻዋን መጓዟም ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1959 ዓ.ም. ዴርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ከምጽዋ ተነስታ በቅሎ ይዛ፣ አብዛኛውን መንገድ በእግሯ እየሄደች፣ አዲስ አበባ ደርሳለች። ብዙ ሌሊት ያደረችው በየመንደሩ ሰው ቤት ነበር።

እንግዲህ ያደረግነውን እንንገራችሁ። ቡና የምናፈላበት ቦታ ላይ ሰሌዳ ሰቅለናል። ሁለት ሰዓት ተስሎበታል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ። የጠዋቱ መኪና የሚነሳበትን በሁለቱም አሳይተናል። ከሥሩ የቡናና የጭኮ ዋጋ ተጽፏል፤ ለጎረቤትም ለእንግዳም አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ የቦታውን እውነት እንነግራለን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው። በዶዶላና በአዳባ በኩል የሚመጣ እንግዳ ሮቤ ሳይደርስ ዲንሾን ያልፋል። ደጋ አጋዘን ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያው ቢወርድ እንደሚሻለው፣ ደርሶ ጎባ ከገባም መመለስ እንደሚችል እንነግረዋለን። ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳነቴ መውጣት ለሚፈልግም፣ ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ መሆኑን፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር መድረሱን ነግረን፣ «መጀመሪያ አንድ ቀን እረፍ፣ ውሃ ጠጣ፣ ወፍራም ልብስ ያዝ» እንለዋለን። ያቺ ልጅ መኪናው ያመለጣት፣ ለራሷም ሳይሻላት አልቀረም።

ሦስተኛ፣ መሽቶ የደረሰችን ሴት ከእኛ አንዷ እስከ ማደሪያዋ ታደርሳለች፤ የአልጋውንም ዋጋ አብራ ትጠይቃለች። አራተኛ፣ የባልና የልጅ ጥያቄ ቀንሰናል። ይህኛው ከሁሉም የከበደን ነው!

ሁሉም ተስተካክሏል አንልም። ደላሎቹ አሁንም አሉ፤ አንዳንዶቹ ገበያችንን ዘጋችሁብን ብለው ተቆጥተውናል። ከእያንዳንዱ እንግዳ የምናገኘውም ከዚያች ቀን ያነሰ ነው። ነገር ግን ጠዋት ቡና የጠጣ እንግዳ ማታ ይመለሳል፤ ከሐረና ጫካ የመጣ ማር ይገዛናል፤ ለሚቀጥለውም ይነግርልናል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስማችን ሩቅ ተሰምቷል፤ ያን ስም ሰምቶ የሚመጣውን ሰው ደጃፍ ላይ የምንቀበለው እኛ ነን።

ወዳጆቻችን፣ ለሰሌዳውና ለቀለሙ ያወጣችሁት ገንዘብ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ እኛ ግን በየቀኑ እናየዋለን። አሁን የምንለምናችሁ ብር አይደለም። ወደ ባሌ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ሁለቱን ሰዓት አስተምራችሁ ላኩልን። የሮቤ እህቶቻችን ደግሞ፣ አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን መናኸሪያ ላይ በተራ አንዳንድ ሰው እንድታቆሙ አደራ እንላለን።

ያቺን ልጅ ዳግመኛ አላገኘናትም። ተመልሳ ብትመጣ ቡናው በነፃ ነው።