የሸማቾች ማኅበር አባል መሆን ለቤታችን ያተርፋል ወይ?

(በአቀስታ የሰፈራችን ቅሬ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ክፍሉ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ የተለጠፈ።)



ባለፈው ስብሰባ ለኮሚቴው ሁለት ጥያቄዎች ተሰጥተውት ነበር። አንደኛው፥ በከተማችን የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተመዝግቦ ዕጣ መግዛት ለአንድ ቤተሰብ ገንዘብ ያተርፋል ወይስ አያተርፍም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ያተርፋል ከተባለ የሁላችንም መመዝገቢያና ዕጣ ከቅሬው ሳጥን ወጥቶ በአንድ ጊዜ ለምን አይከፈልም የሚል ነው። ኮሚቴው ሦስት ማታ ተቀምጦ ተነጋግሮበታል። የሁለተኛው መልሳችን አጭር ስለሆነ ከወዲሁ እንናገረው፤ ሳጥኑ አይነካ ነው የምንለው። ምክንያቱን ኋላ እንመጣበታለን። የመጀመሪያው ግን «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ለአንዱ ቤት የሚያተርፈው ለሌላው ቤት ኪሣራ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ ሁለት ዓይነት መሆኑን እንለይ። መመዝገቢያ የሚባለው አንዴ ከተከፈለ ቀረ፤ አይመለስም። ዕጣ የሚባለው ግን በስማችን የሚቀመጥ ድርሻችን ነው። ማኅበሩን ስንለቅ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይመለስልናል፤ ማኅበሩ ካተረፈም የትርፍ ክፍያ ይታሰብበታል። ይሁን እንጂ «የኔ ነው» ማለትና «በእጄ ነው» ማለት ይለያያል። ነሐሴ ላይ ልጅ ቢታመም ዕጣ ተመንዝሮ መድኃኒት አይገዛበትም። ስለዚህ ስናሰላ ዕጣውን እንደጠፋ ገንዘብ አንቁጠረው፤ እንደ ኪስ ገንዘብም አንቁጠረው። የታሰረ ገንዘብ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋው አባሎቻችን የቀበሌ ሱቅን ያስታውሳሉ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ በየከተማው ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ፥ በካርድና በሰልፍ የሚገኝበት ዘመን ነበር። ያን ጊዜ «አባል ብሆን ያዋጣኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ካርድ የሌለው ስኳር የለውማ። አንዳንድ ሰዎች ዛሬም ነገሩን በዚያው ዓይን ሲያዩት ስለሰማን ነው ይህን ማንሳታችን። ከዚያ ወዲህ የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባልነትን በፈቃድ አድርጎታል። አባል የሆነም አንድ ዕጣ ይኑረው አሥር ድምፁ አንድ ነው። ማንም ተገድዶ አይገባም፤ የገባም ዝም ብሎ ዕቃ ተቀባይ ሳይሆን ሒሳብ ጠያቂ ነው።

ይህን ነገር መልክ ያስያዙት ከኛ የማይሻሉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፥ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፥ አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የዘመኑ ባለሱቆች በዱቄቱ ባዕድ ነገር እየጨመሩ፥ በሚዛኑም እያታለሉ አስቸግረዋቸው ነበር። የሸጡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነው። ትርፉን ሲከፋፈሉም ብዙ የገዛ ብዙ እንዲያገኝ አደረጉ። ይህ ደንብ እኛም አገር ደርሷል፤ የትርፍ ክፍያው በዕጣ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩ በገዛነው መጠንም የሚታሰብ ነው። ስለዚህ አባል የሆነ ሰው ደረሰኙን አይጣል። ደረሰኝ ገንዘብ ነው።

ባሕር ማዶ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰምታችሁ ይሆናል። በአሜሪካ የአባልነት ካርድ የሌለውን ሰው የማያስገቡ፥ እንደ መጋዘን የሰፉ ሱቆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሳንዲዬጎ በምትባል ከተማ በአንድ የአውሮፕላን ማቆሚያ አዳራሽ ውስጥ ተጀመረ። ዛሬ ትልቁ ኮስትኮ የሚባለው ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ የተራ አባልነት ክፍያ በዓመት 65 ዶላር ሆኗል። ያ ክፍያ ዓመት በመጣ ቁጥር ይከፈላል። በዚያ ላይ ባለቤቱ ኩባንያው እንጂ ገዢው አይደለም። ሆኖም እዚያ ያለች የሁለት ልጆች እናትና እዚህ ያለች እናት የሚጠይቁት አንድ ነው፤ «የከፈልኩትን የሚመልስ ያህል እገዛለሁ ወይ?»

እስቲ ጀመዓ፥ አብረን እንቁጠር። የምንጠራው ቁጥር ለምሳሌ ብቻ ነው፤ እውነተኛውን ዋጋ እያንዳንዱ ቤት ራሱ ጠይቆ ይተካበት። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ይለዋወጣል፤ አምና የሰማነው ዋጋ ለዘንድሮ መቁጠሪያ አይሆንም።

መመዝገቢያው 100 ብር፥ ዕጣው 500 ብር ነው እንበል። በማኅበሩ ሱቅ ዘይት በሊትር 20 ብር፥ ስኳር በኪሎ 15 ብር ይቀንሳል እንበል። አንድ ቤተሰብ በወር 3 ሊትር ዘይትና 4 ኪሎ ስኳር ቢጨርስ በወር 120 ብር አተረፈ ማለት ነው። በዓመት 1,440 ብር! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለውና መቁጠር ያቆማል። ነገር ግን ዕቃው በየወሩ ይመጣል ያለው ማን ነው? ከ12 ወር በ5ቱ ብቻ መጣ እንበል። ትርፉ ወደ 600 ብር ወረደ። ዕቃው በመጣ ቁጥር ለባጃጅ ወይም ለተሸካሚ 30 ብር ብንከፍል በ5 ጊዜ 150 ብር ሄደ፤ 450 ቀረ። ከዚያ መመዝገቢያው 100፥ ዕጣውም 500 ሲነሣ በመጀመሪያው ዓመት ከእጃችን 150 ብር ጎድሏል። በሁለተኛው ዓመት መመዝገቢያም ዕጣም ስለሌለ 450 ብር በእጃችን ይገባል። እንግዲህ ለዚህ ቤት አባልነቱ ያተርፋል፤ የሚያተርፈው ግን በሁለተኛው ዓመት ነው። ዕጣውም በስሙ እንዳለ ነው።

አሁን ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት እንውሰድ። በወር 1 ሊትር ዘይትና 1 ኪሎ ስኳር ይበቃቸዋል። በ5 ወር የሚያተርፉት 175 ብር ነው። ባጃጁ ብቻ 150ውን ይበላዋል። በዓመት 25 ብር ይዘው መመዝገቢያውን ለመመለስ 4 ዓመት ሊቆዩ ነው! ዕጣውን ሳንጨምር ማለት ነው። ለኚህ እናት «ይግቡ» ማለት ምክር አይሆንም። ጎረቤት የራሱን ሲያመጣ የእሳቸውንም ይዞላቸው ቢመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጉልበት ያለው ወጣት በየሰፈሩ አለና።

ስለ ዕጣው አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ዕጣ ለመግዛት ብሎ አራጣ የሚበደር ሰው አለ መባሉን ሰምተናል። 500 ብር በወር 50 ብር ወለድ የተበደረ ሰው በዓመቱ 600 ብር ወለድ ይከፍላል። ከላይ ያየነው ትልቁ ቤተሰብ በዘይትና በስኳር ያገኘው ትርፍ በሙሉ 600 ነበር። ዋናው ዕዳ ደግሞ እንደቆመ ነው። ገንዘቡ በእጁ የሌለ ሰው ይቆይ፤ ሱቁ አይሄድበትም።

ዋጋ ስናነጻጽር መጠኑንና ዓይነቱን እናስተካክል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካንና ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያኛው ረከሰ» ማለት አይቻልም፤ ለሊትር እናካፍለው። ዓይነቱም እንደዚሁ ነው። በሸማቾች በኩል ሲከፋፈል የቆየው ዘይት ብዙ ጊዜ ፓልም፥ የሚረጋው ነው። እንዲህ እንደኛ ባለ ብርዳም አገር ጠዋት እንደ ቅቤ ደርቆ ይገኛል፤ እሳት ዳር ካልተቀመጠ አይቀዳም። የሚረጋውን ከፈሳሹ የሱፍ ዘይት ጋር አወዳድሮ ይህን ያህል አተረፍኩ ማለት በግን ከፍየል መቁጠር ነው። የሚረጋውን ከሚረጋው፥ ፈሳሹን ከፈሳሹ ጋር።

ሁሉንም ዕቃ ከማኅበሩ መግዛት ደግሞ ግድ አይደለም። እኛ እንደምናየው የሸማቾች ሱቅ የሚረዳን ከደሴ ጉጉፍቱን አቋርጦ በሚመጣው ዕቃ ነው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ የፋብሪካ ዱቄት፣ ሳሙና። ገብስና ባቄላ የደጃችን ምርት ነው። አዝመራ ሲገባ ከገበሬው እጅ በቁና የገዛ ሰው ማንኛውም ሱቅ አይቀድመውም። ጤፍ ለሚፈልግም ከወግዲና ከከላላ በኩል የሚመጣውን በገበያ ቀን ማየት ይሻላል። ካርድ ስላለን ብቻ ገብስ ከሱቅ ብንገዛ ያተረፍነውን መልሰን ሰጠነው።

አሁን ወደ እናቶች ነገር እንምጣ፤ ይህን ያነሡልን እነሱ ናቸው። ስኳር በሩብ ኪሎ ሲገዛ በማንኪያ ይቆጠራል። አሥር ኪሎ ቤት ከገባ ግን ሻይው ይጣፍጣል፥ ልጆችም እፍኝ እፍኝ ያነሣሉ፥ ጎረቤትም «ትንሽ ስጪኝ» ይላል፤ አይከለከል ነገር። ዘይትም ከጀሪካን ሲቀዳ እጅ ይለቃል። በወር 3 ሊትር የሚበቃው ቤት 4 ሊትር ከጨረሰ፥ በ3 ሊትር ያተረፈው 60 ብር አንዱን ተጨማሪ ሊትር እንኳ አይገዛም። ስለዚህ የመጣውን በአንድ ጊዜ አለመክፈት፥ የወሩን በትንሽ ዕቃ ቀድቶ የቀረውን አሽጎ ማስቀመጥ ነው። ዱቄት ግን ለብዙ ወር አይከማች፤ ይነቅዛል፥ እርጥበት ያገኘውም ይሻግታል። የተደፋ ዱቄት በርካሽ ተገዛ አይባልም። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ፍጆታው ከፍ ስለሚል ለነዚያ ወራት አስቀድሞ መያዝ ደኅና ነው፤ ያኔ ሱቁም ይጨናነቃል።

ዱቤን በተመለከተ በስብሰባው ብዙ ጩኸት ነበር። የሸማቾች ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሸጠው፤ የሮችዴሎቹም ሲጀምሩ ዱቤ ከልክለው ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ ግን በመዝገብ ጽፎ ለደመወዝ ቀን ወይም ለአዝመራ ይጠብቃል። ዋጋው ከፍ ማለቱ አይካድም፤ ከፊሉ የዚያ የመጠበቂያ ዋጋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከማኅበሩ ገዝተን ነሐሴ ላይ ገንዘብ ሲያልቅ ወደ ባለሱቁ «ጻፍልኝ» ብለን ብንመለስ ምን ይለናል? በዱቤ የሚኖር ቤት ይህን አስቦ ቢያንስ ጨውና ክብሪቱን፥ ቡናውንም ከጎረቤት ሱቅ መግዛቱን ባይተው መልካም ነው። ባለሱቆቻችንም የዚሁ ቅሬ አባላት ናቸው፤ በስብሰባው ተቀምጠው ሲሰሙ ነበር፥ ያሉትንም በትዕግሥት ሰምተናል።

ለመግባት የወሰነ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ባለፉት 12 ወራት ስኳርና ዘይት ስንት ጊዜ ገባ? ለአንድ አባል ስንት ተሰጠ? የመጨረሻው ኦዲት መቼ ተደረገ? የትርፍ ክፍያ በእጅ ተከፍሎ ያውቃል ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ ነው? የለቀቀ ሰው ዕጣው በስንት ጊዜ ተመለሰለት? መጠየቅ ነውር አይደለም። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣን ገንዘባችንን በመቀነታችን ቋጥረን እንመለስ።

የሳጥኑን ጉዳይ እንጨርስ። ከሳጥኑ ይከፈል ያሉት አባላት በጎ አስበው ነው፤ ድኃውም ሀብታሙም እኩል ይገባል ብለው ነው። ነገር ግን የቅሬ ገንዘብ የቀብርና የሐዘን ገንዘብ ነው። ሞት ደግሞ የዕጣ መመለሻ ጊዜን አይጠብቅም። ለ80 ቤት 600 ብር ብናወጣ 48,000 ብር ነው። ከዚህ 8,000ው መመዝገቢያ ስለሆነ አይመለስም፤ 40,000ው በ80 ሰው ስም በሌላ ማኅበር ይታሰራል። በማግስቱ በአንድ ሳምንት ሁለት ሐዘን ቢደርስብን ድንኳኑን፣ ንፍሮውንና ቡናውን በምን እንችለዋለን? ከዚህም ሌላ ዕጣው በግለሰቡ ስም ስለሚጻፍ ከሰፈር የለቀቀ ሰው ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ሳጥኑ አይነካ ብሏል። የሚገባ በየራሱ ኪስ ይግባ።

ኮሚቴው በራሱ ሥልጣን ሊያደርግ የሚችለው ይህን ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ በጸሐፊው ዘንድ አንድ ደብተር ይከፈታል። ከአባሎቻችን በሸማቾች ማኅበር የተመዘገቡት ዕቃ የመጣበትን ቀን፥ የተሰጣቸውን መጠንና ዋጋ፥ በዚያው ሳምንት በሱቅ የነበረውን ዋጋ እየመጡ ያስጽፉ። መጻፍ የማይችል በቃል ይንገረን፥ እኛ እንጽፋለን። ለአቅመ ደካሞች ዕቃ ለማምጣት ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶችም በዚሁ ደብተር ይመዝገቡ፤ እስካሁን አራት ተመዝግበዋል። ከሳጥኑ ይከፈል የሚለው ሐሳብ ግን የአባላት እንጂ የኮሚቴው ብቻ ስላልሆነ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እጅ በማውጣት ይወሰናል። ከየቤቱ አንድ ሰው እንዳይቀር።