ከአየር ኃይል ወደ ናሳ የተላለፈው ሞተር



ጦር ሠራዊትና የጠፈር ድርጅት በሮኬት ሞተር ሥራ ሲተባበሩ ከሁሉ የሚከብደው ርክክቡ ነው። ለዚህ የማቀርበው ምሳሌ ኤፍ-1 የተባለው የአሜሪካ ሞተር ነው።

ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለሮኬትዳይን ኩባንያ የሰጠው አየር ኃይሉ ነበር። ይሁን እንጂ 680 ቶን ያህል የሚገፋ ሞተር የሚያስፈልገው ሚሳይል አልነበረውም። ናሳ በ1958 ሲቋቋም ሥራውን ተረከበ። አየር ኃይሉም ወረቀቱን አስረክቦ እጁን አላጠበም፤ ሞተሩ የተፈተነው በካሊፎርኒያ በረሓ፣ በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር ነው። ለሚሳይል ሙከራ ከተሠሩት ማማዎች አንዱ ለዚሁ ተለወጠ። በእኔ አስተያየት ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ መፈተኛ በጥድፊያ አይተከልምና። ትብብርን በሒሳብ መዝገብ የሚለካ ሰው ይህን በየትኛው ዓምድ ይጽፈው ይሆን?

በ1962 አንድ ሞተር በፈተና ላይ ሳለ ቃጠሎው ተናውጦ ወደመ። በማቃጠያው ክፍል የሚነሣው የግፊት ሞገድ ብረቱን በቅጽበት ያበላሸዋል። ንድፈ ሐሳቡም ብቻውን መፍትሔ አላስገኘም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በሚነደው ሞተር ውስጥ ትንንሽ ቦምቦች እያፈነዱ ነውጡን ሆን ብለው ይቀሰቅሱ ጀመር፤ በነዳጅ መርጫው ሰሌዳ ላይም ግርዶሾችን እየለዋወጡ ሞከሩ። ሁለት ሺህ ያህል ሙከራ ፈጀ። በመጨረሻ ነውጡ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ራሱ ይበርድ ጀመር።

ከ1967 እስከ 1973 በ13 የሳተርን 5 በረራዎች 65 ሞተሮች ተነሥተዋል፤ አንድም አልከሸፈም። አየር ኃይሉ ግን ኤፍ-1ን በራሱ ሮኬት ላይ አንድ ጊዜም አልተጠቀመበትም።